አስቀመጥሁት እንጂ አላሰርሁትም

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አበው። እሳት ገና በጅምሩ ሳለ በአንድ እፍኝ ቅጠል ይጠፋል፤ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን ብዙ ውሃ ቢደፉበትም አይመለስም ማለታቸው ነው። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፌ ስለ አንድ ዓይነት ቅጠል፥ ይኸውም በመኪና ውስጥ ስለሚያዝ የእሳት ማጥፊያ፥ በራሴ ላይ የደረሰውን ለክቡራን ወላጆች፥ ለመምህራንና ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ ለመናገር እወዳለሁ። ታሪኩ የሚያስመሰግነኝ አይደለም፤ ነገር ግን ከእኔ ስሕተት አንድ ሰው እንኳ ቢማር እፍረቴ ከንቱ አይሆንም።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. የገና በዓል ሰሞን ነው። አባቴ መኪናቸውን ለዓመታዊ ምርመራ ለማቅረብ ሲዘጋጁ አንድ ኪሎ ዱቄት የሚይዝ ቀይ የእሳት ማጥፊያ፥ የመጀመሪያ ርዳታ መስጫ ሣጥንና መኪና ሲበላሽ በመንገድ ላይ የሚቆመውን ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ገዝተው መጡ። ምርመራውም አለፈ፥ ቦሎውም ተለጠፈ። ከዚያ በኋላ አባቴ ጠሩኝና፥ «ልጄ፥ እኔ ሥራ ይዞኛል። ይኸን እሳት ማጥፊያ እጄ በሚደርስበት ቦታ አጥብቀህ እሰርልኝ» አሉኝ። እኔም «እሺ አባባ» ብዬ ተቀበልሁ።

ማሰሪያው ከዕቃው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ነበረ። ነገር ግን ብሎን መፈለጉ፥ ከጎረቤት ትራፓኖ መዋሱ፥ ጎንበስ ብሎ መሥራቱ ታከተኝ። ጓደኞቼም ለኳስ ይጠብቁኝ ነበር። ስለዚህ ዕቃውን ከነላስቲኩ በሾፌሩ ወንበር ሥር ወሸቅሁትና ሄድሁ። ማታ አባቴ፥ «አሰርኸው ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ፥ «አዎን፥ ከወንበሩ ሥር ነው» አልኋቸው። ከወንበሩ ሥር መሆኑ እውነት ነበረ፤ መታሰሩ ግን ሐሰት ነበረ። ሁለቱን አንድ ላይ ስለ ጠቀለልኋቸው መዋሸቴ ለራሴም አልታወቀኝም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በዓሉን ከአያቴ ጋር ለማክበር ወደ ጅማ ጉዞ ጀመርን። እናቴና ታናሽ እኅቴ ከኋላ፥ እኔ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጠናል። ወሊሶን፥ ቀጥሎም ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ወንዝ የሚወርደውን ቁልቁለት ስንይዝ አየሩ እየሞቀ፥ መንገዱም እየተጠማዘዘ ሄደ። አባቴ በቁልቁለት ዘወትር እንደሚያደርጉት ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርደው በሞተሩ ጉልበት እየያዙ ይነዱ ነበር። ከፊታችን ጭነት የበዛበት መኪና በዝግታ ይወርዳል። አባቴም ፍጥነቱን ለመቀነስ ፍሬን ረገጡ። ፔዳሉ ግን ጥቂት ዝቅ ብሎ ቆመ።

«ፍሬኑ እንቢ አለኝ» አሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ከፍ አላለም። እግራቸውን አንሥተው እንደገና ሲረግጡ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። መኪናው ቁልቁል ሲያዘነብል ያ የወሸቅሁት ዕቃ ከወንበሩ ሥር ተንከባሎ ከፔዳሉ በታች ተቀርቅሯል። «እሳት ማጥፊያው ነው!» ብዬ ጎንበስ ስል የደህንነት ቀበቶው ያዘኝ። አባቴ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳቡ፥ «ቀበቶህን ፍታና አውጣው» አሉኝ። ፈትቼ በመሪው ሥር ገባሁ፤ የዕቃውን አንገት ይዤ ጎተትሁት። ወዲያው ፍሬኑ ያዘ። ቀና ብዬ ሳይ በእኛና በጭነት መኪናው መካከል የቀረው ርቀት ከአንድ መኪና ቁመት አይበልጥም ነበር።

አባቴ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁመው ወረዱ፥ ለጎማውም ድንጋይ አደረጉለት። ከዚያ ዕቃውን ከእጄ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም» አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። አልመቱኝም፥ አልተቈጡኝም። እናቴ እኅቴን በደረቷ አቅፋ ዝም ብላለች። ያ ዝምታ ከአለንጋ ይልቅ ገረፈኝ። ዕቃውን በኋላው የዕቃ መጫኛ በሻንጣዎች መካከል አጣብቀን እስከ ጅማ ድረስ ብዙም ሳንነጋገር ሄድን።

ትምህርት ሲጀመር ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጠመኔ አንሥተው አይዛክ ኒውተን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ያሰፈረውን የመጀመሪያውን የእንቅስቃሴ ሕግ አስታወሱን። መኪናው በድንገት ቢቆም በውስጡ ያለው ያልታሰረ ዕቃ አይቆምም፤ በነበረው ፍጥነት ወደ ፊት ይቀጥላል። ቀጥለውም አሰሉልን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ዕቃ ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ፥ ማለት ከሦስተኛ ፎቅ ያህል፥ የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ የሚኖረው ፍጥነት አለው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከሆነ ደግሞ ከፍታው እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፥ ማለት 40 ሜትር ያህል ይሆናል። የእኛ እሳት ማጥፊያ ከነቆርቆሮው ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል። ከሦስተኛ ፎቅ ሁለት ኪሎ ብረት በእኅቴ ራስ ላይ ሲወርድ በሐሳቤ ታየኝና ቁጥሩን በደብተሬ መጻፍ አቃተኝ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ዕቃውን ይዤ ወደ ሰፈራችን መካኒክ ሄድሁ። እርሳቸውም በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ማሰሪያ አይተው፥ «ይህ ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ለግድግዳ ይሆናል፥ ለመኪና አይሆንም» አሉና ባለመቀርቀሪያ የብረት ማሰሪያ አስገዙኝ። ቦታውንም አብረን መረጥን። ዳሽቦርዱ ላይ አይሆንም፤ በግጭት ጊዜ የሚነፋው የአየር ከረጢት ይወረውረዋል። ኋላ ከሻንጣ ጋርም አይሆንም፤ እሳት ሲነሣ ሻንጣ ለማውረድ ጊዜ የለም። በመጨረሻ ከፊተኛው ተሳፋሪ ወንበር ግርጌ፥ ከፔዳሎቹ ርቆ ለሾፌሩ እጅ ግን ቅርብ በሆነው ወለል ላይ አግድም እንዲተኛ ተስማማን።

ትራፓኖውን ላነሣ ስል መካኒኩ እጄን ያዙኝ። «መጀመሪያ ከሥር ግባና እይ» አሉኝ። ገብቼ ባይ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች ከወለሉ ሥር ያልፋሉ። ከእነርሱ ርቀን ምንጣፉን ገልጠን ላሜራውን በሳነው፤ ቀዳዳውንም እንዳይዝግ ቀለም ቀባነው። ብሎኑን ከላይ አሳልፈን ከሥር ሰፊ ሮንዴላ አደረግንለት፤ ሮንዴላው ሸክሙን በሰፊው ካላካፈለለት ብሎኑ በኀይለኛ ግጭት ስሱን ላሜራ ቀዶ ሊወጣ ይችላልና። ዳዶውም የመንገድ ንዝረት እንዳያላላው ናይሎን ያለበት ሆነ። ቀጥሎም ወንበሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስበን አለመንካቱን አረጋገጥን። የመጀመሪያ ርዳታውን ሣጥንና ባለሦስት ማዕዘኑን ምልክት ደግሞ በኋላው የዕቃ መጫኛ በጠፍር አሰርናቸው።

መካኒኩ የመጨረሻውን ትምህርት ሲሰጡኝ፥ «ጥሩ ማሰሪያ ሁለት ጠባይ አለው፤ ለግጭት እንቢ ይላል፥ ለእጅ እሺ ይላል» አሉኝ። ስለዚህ ዐይኔን ጨፍኜ በአንድ እጄ መቀርቀሪያውን መፍታት እስክለምድ ድረስ አለማመዱኝ። የአንድ ኪሎው ዱቄት አሥር ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሚቆይ ነበልባሉን ሳይሆን የእሳቱን ሥር ማነጣጠር እንደሚገባ፥ እሳቱ ከበረታ ግን ንብረት ትቶ መሸሽ እንደሚሻል ነገሩኝ።

ማታ አባቴ እንደ ቀድሞው፥ «አሰርኸው ወይ?» አሉኝ። በዚህ ጊዜ አዎን አላልሁም። «አባባ፥ ይምጡና ይሳቡት» አልኋቸው። በባትሪ እያበራሁላቸው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ አልተነቃነቀም። ከዚያም መቀርቀሪያውን ራሳቸው ፈትተው መልሰው ገጠሙትና ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ ብሎኖቹን በቁልፍ አጠብቃለሁ፤ የግፊት መለኪያው መርፌ በአረንጓዴው ላይ መሆኑንም አያለሁ። እናንተም ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በቤተሰባችሁ መኪና ወንበር ሥር እጃችሁን ሰድዳችሁ ዳስሱ። የሚንከባለል ነገር ብታገኙ ለነገ አታሳድሩት። ቅጠሉ እሳቱን የሚያጠፋልን በቦታው ሲገኝ ነው፤ ከቦታው የለቀቀ ቅጠል ግን ራሱ እሳት ይሆናል።