ሰፍሮ ስለ መነሣት፤ ከደማምና ከኾባር በረሃ የሚገኝ ትምህርት



የዓመቱ በዓል በደረሰ ቁጥር ከገዳማችን በታች ያለው ሜዳ በድንኳንና በሸራ ይሸፈናል። ከሩቅ የመጣው እንግዳ ሁለትና ሦስት ሌሊት ያድራል፤ ያበስላል፤ ይመገባል፤ ከዚያም ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። እንግዳ እንዴት መምጣት እንዳለበት ብዙ ጊዜ ተነግሯል፤ እንዴት መነሣት እንዳለበት ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚሁ ስለ መነሣት ነው።

ምሳሌ የማደርገው ቦታ ሩቅ ነው። በሳውዲ ዓረብያ ምሥራቃዊ ግዛት የሚገኙት ደማምና ኾባር የተባሉት ከተሞች፣ ከበስተጀርባቸውም ያለው በረሃ ነው። ይህን ቦታ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዚያ ልጅ ወይም እኅት አላችሁ፤ እነርሱም ለመሳለም ሲመጡ ያወጉኝን ለዓመታት ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። ሁለተኛው፣ በበረሃ ሰፍሮ መሰንበት በዚያ አገር የሕዝቡ ሁሉ ልማድ ስለሆነ፣ የሰፈር መልካምነትም ክፋትም በዚያ በግልጥ ይታያል።

ደማም፣ ዘህራንና ኾባር በባሕረ ሰላጤው ዳር እርስ በርሳቸው ተያይዘው ያደጉ ሦስት ከተሞች ናቸው። ከነዳጁ በፊት በጠረፉ የነበሩት ዓሣ አጥማጆችና ዕንቁ ጠላቂዎች የሚኖሩባቸው ትንንሽ መንደሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1938 በዘህራን ደማም ቁጥር 7 ከተባለው ጕድጓድ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ በተገኘ ጊዜ የአገሩ መልክ ተለወጠ። ዛሬ ከኾባር በስተደቡብ ተነሥቶ፣ ባሕሩን አቋርጦ ባሕሬን የሚያደርስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ድልድይ አለ፤ የተከፈተውም እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከድልድዩ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ባሕሩ ወደ ምድር ታጥፎ የገባበት፣ ስሙም ከቅርጹ የተነሣ ግማሽ ጨረቃ የተባለ የባሕር ወሽመጥ ይገኛል። ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ግን አሸዋ ነው።

ይህ ጠረፍ ለመጻሕፍተ መነኮሳት ተማሪ እንግዳ አይደለም። በጉባኤያችን ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ ጋር የሚተረጐመው መጽሐፍ ባለቤት ማር ይስሐቅ፣ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣው ቤተ ቀጥራዬ ከሚባለው አገር ነው። ቤተ ቀጥራዬ ማለት የዛሬዎቹ ቀጠርና ባሕሬን፣ እንዲሁም የሳውዲ ምሥራቃዊ ጠረፍ በአንድነት የሚጠሩበት የቀድሞ ስም ነው። ከደማም በስተሰሜን በታሩት ደሴት ላይ ያለችው ዳሪን እ.ኤ.አ. በ676 የኤጲስ ቆጶሳት ጉባኤ የተደረገባት ከተማ ነበረች። ማር ይስሐቅም የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ከተሾመ በኋላ፣ አምስት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ሄዷል። ልጆቻችን ሠርተው የሚያድሩበት አገር መምህራችን ከተነሣበት አገር ጋር አንድ መሆኑን ማወቅ መልካም ነው።

ስለ አሸዋውም አንድ ነገር ላስታውስ። ከደማም በስተሰሜን ባለችው በጁበይል አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1986 የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ተገኘ። የተገኘውም በበረሃ ለሽርሽር የወጡ ሰዎች በአሸዋ የተያዘባቸውን መኪና ለማውጣት ሲቆፍሩ እንደሆነ ይነገራል። ሊቃውንት ዕድሜውን እስከ አራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርሱታል። ግድግዳው በአሸዋ ሥር ይህን ያህል ዘመን ቆይቷል። ስለዚህ አሸዋ ሁሉን ያጠፋል የሚለው የብዙ ሰው አሳብ ትክክል አይደለም። አሸዋ ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። የሸፈነውንም በጊዜው መልሶ ይገልጣል። ቅርስን የጠበቀው ያው አሸዋ የእኛን ጥራጊም ይጠብቃል።

አሁን ወደ ሰፈሩ እንምጣ። በዚያ አገር በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል፤ ከቤት መውጣት አይቻልም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ጥቂት ዝናም በጣለበት ዓመት አሸዋው ላይ ሣርና አበባ ይታያል። ያን ጊዜ የደማምና የኾባር ሰው ድንኳኑን ጭኖ ይወጣል። አንዳንዱ ለአንድ ሌሊት፣ አንዳንዱ ለወራት ይሰፍራል። ምንጣፍ ይነጠፋል፤ እሳት ይነድዳል፤ ቡና ይፈላል፤ በግ ታርዶ ከሩዝ ጋር ይቀርባል። ልጆች በአሸዋው ኮረብታ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ጎልማሶች በመኪና ይወጡበታል፤ ይወርዱበታል። ይህ ልማድ አባቶቻቸው ከግመልና ከበግ ጋር ሲዘዋወሩ ከነበረበት ኑሮ የቀረላቸው ነውና የሚወዱት በምክንያት ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። የጥንቱ ዘላን ይዞት የሚዞረው ቍርበት፣ የጠጕር ድንኳን፣ እንጨትና ቴምር ስለነበረ፣ ቢረሳው እንኳ ምድር ትበላዋለች። የዛሬው ሰፋሪ የሚይዘው ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ ቆርቆሮና የአንድ ጊዜ ሰሐን ነው።

ከዚያ የተመለሱ እኅቶቻችን የሚሉትን እነሆ። ቤተ ሰቡ ተደስቶ ወደ መኪናው ይገባል፤ የቀረውን የምትሰበስበው ሠራተኛይቱ ናት። ጊዜ ከተሰጣት ትሰበስባለች፤ ካልተሰጣት ይቀራል። የቀረውን በማግሥቱ የሚያገኘው ደግሞ እረኛው ነው። በዚያ በረሃ በግና ግመል ከሚጠብቁት መካከል የእኛም አገር ልጆች አሉ። ሜዳው ላይ የተጣለው ፌስታል የምግብ ጨውና ቅባት ስላለበት እንስሳው ይበላዋል። በሆዱ አይፈጭም፤ አይወጣም፤ እየተጠቀለለ ድንጋይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ አንድ ጥናት፣ በዱባይ አካባቢ ከ2008 ጀምሮ ከተመረመሩ 30,000 ግመሎች መካከል 300ዎቹ በዚህ ምክንያት እንደ ሞቱ ተገልጿል። በሆዳቸው የተገኘው ክምር ትንሹ ከ6 ኪሎ በላይ፣ ትልቁ ወደ 64 ኪሎ የሚደርስ ነበር። ግመሉ የጌታው ነው፤ «ምን አበላኸው?» ተብሎ የሚጠየቀው ግን እረኛው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው የጣለው ፌስታል በመጨረሻ የሚያርፈው በሌላ ሰው ላይ መሆኑን ልብ በሉ።

በረሃ ቍስሉን ቶሎ አይሽርም። የዓመቱ ዝናም 100 ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላበት ምድር የሚበሰብስ ነገር ጥቂት ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ሸማል የተባለው ነፋስ ቀላሉን ሁሉ አንሥቶ በቍጥቋጦና በአጥር ላይ ይሰቅለዋል። ቀብሬዋለሁ ያለውም አልቀበረውም፤ የአሸዋው ኮረብታ ከነፋስ ጋር ስለሚጓዝ የተቀበረው ተገልጦ ይወጣል። ጠጠር ባለበት ሜዳ ላይ ያለፈ የመኪና ጎማ ቅርፊቱን ሰብሮ ለዓመታት የሚታይ መሥመር ይተዋል፤ በመሥመሩም ላይ ዘር በቀላሉ አይበቅልም። ሥሩ በአሸዋው ጠልቆ፣ በብዙ ዓመት የጎለመሰ ቍጥቋጦ ለአንድ ማታ ማገዶ ይቆረጣል፤ በምትኩ ሌላ ለመብቀል ግን እንደገና ብዙ ዓመት ይፈጃል።

መንግሥታቸውም ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ2020 የአካባቢ ጥበቃ ሕግ አውጥቷል፤ የሚያስፈጽም ልዩ ኃይልም አቁሟል። ካልተፈቀደ ቦታ በዕፀዋት ምድር ላይ እሳት ያነደደ እስከ 3,000 ሪያል ይቀጣል። የአገሩን እንጨት ቈርጦ መሸጥም የተከለከለ ነው። ሕግ ግን የሚደርሰው ጠባቂው እስከሚያይበት ድረስ ነው፤ በረሃውም ሰፊ ነው። የቀረውን የሚጠብቀው የሰፋሪው ልማድ ነው።

መልካም ልማድ ያላቸው እንዴት እንደሚሰፍሩ የነገሩኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። አስቀድመው ገና ከቤት ሳይወጡ መጠቅለያውን ይቀንሳሉ፤ ምግቡን በሚታጠብ ዕቃ፣ ውኃውን በትልቅ ጀሪካን ይይዛሉ። ያልተወሰደ ነገር አይጣልምና ግማሹ ጽዳት በዚህ ያልቃል። ከደረሱም በኋላ ሣር በሌለበት፣ አስቀድሞም በተሰፈረበት ቦታ ላይ ድንኳን ይተክላሉ፤ መኪናውም በተረገጠው መንገድ ላይ ብቻ ይሄዳል። እሳቱን በመሬት ላይ ሳይሆን እግር ባለው የብረት ምድጃ ላይ ያነድዳሉ፤ ከሰሉንም ከከተማ ይዘው ይመጣሉ። ሲነሡ እሳቱን በውኃ አጥፍተው፣ ዐመዱ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን ጠቅልለው ይወስዱታል። ፍምን በአሸዋ መቅበር ትልቅ ክፋት ነው። ከላይ ሲታይ የጠፋ ይመስላል፤ ከሥር ግን ለሰዓታት ይግላል። በባሕር ዳር አሸዋ ላይ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን የሚቃጠለው በዚህ ነው።

በመጨረሻም አብረው ያጸዳሉ። ድንኳን ከተነቀለ በኋላ ሰዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ከሰፈሩ ዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው እየተራመዱ ከእግራቸው በታች ያገኙትን ሁሉ ያነሣሉ። ይህ አሠራር በሌላም ዓለም የታወቀ ነው። በአሜሪካ በኔቫዳ ግዛት፣ ብላክ ሮክ በተባለው በረሃ ከ1990 ጀምሮ የሚደረግ በርኒንግ ማን የተባለ በዓል አለ። የበዓሉ ጠባይ ከእኛ ጋር የሚገናኝ አይደለም፤ ነገር ግን 70,000 የሚያህል ሰው ለአንድ ሳምንት ሰፍሮ ሲነሣ፣ በጎ ፈቃደኞች በሰልፍ እየሄዱ ሚስማርና ክር ሳይቀር ይለቅማሉ፤ የመንግሥት ሹሞችም መጥተው መሬቱን ይመረምራሉ። የትኛው ሰፈር ምን እንደተወም በካርታ ላይ ምልክት ይደረግበታል። በካርታው ላይ ስሙ እንዳይታይ የሚፈልግ ሰፈር ሁሉ ይጠነቀቃል።

እኛ ግን ይህን ለመማር ወደ ኔቫዳም ወደ ኾባርም መሄድ አያስፈልገንም ነበር። እስራኤል በምድረ በዳ በሰፈሩ ጊዜ የተሰጣቸው ሥርዓት በኦሪት ዘዳግም በ23ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ከሰፈሩ ውጭ የተለየ ቦታ እንዲኖራቸው፣ ከጓዛቸውም ጋር መቆፈሪያ እንዲይዙና ቆፍረው እንዲከድኑ ታዝዘዋል። በወንጌልም አምስት ሺህ ሰው በሣር ላይ ተቀምጦ ከጠገበ በኋላ፣ የቀረው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ ታዝዞ 12 መሶብ መሙላቱ ተነግሯል። ስለ መጥገቡ ብዙ ጊዜ እንሰብካለን። ስለ መሰብሰቡም እንዲሁ ልንናገር ይገባል፤ ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ሜዳው እንዲሁ አልተተወምና።

አሁን ወደ ራሳችን ሜዳ እመለሳለሁ። በዓል ካለፈ በኋላ አርድእቱ ከትምህርታቸው ተለይተው ለብዙ ቀን ጥራጊ ይለቅማሉ። ያልተለቀመው በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ ወደ ምንጩ ይወርዳል፤ ያን ውኃ የምንጠጣው እኛና ከሥር ያሉት የመንደሩ ሰዎች ነን። የአካባቢው ገበሬዎች ከብት ሲያርዱ በሆድ ዕቃው የተጠቀለለ ፌስታል እንደሚያገኙ ይነግሩናል። ገበሬው መሬቱን ለእንግዳ ማረፊያ በነጻ ሰጥቶ በሬውን ቢያጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሜዳውን ቢያጥረው አይፈረድበትም። ያን ጊዜ ተሳላሚ የሚያድርበት ቦታ አይኖርም።

ስለዚህ በሚመጣው በዓል እንዲህ እናድርግ ብዬ እለምናለሁ። በማኅበር የምትመጡ፣ አውቶቡሱ ሳይነሣ ስለ ሰፈሩ ጽዳት የሚያስብ አንድ ሰው ሹሙ፤ እርሱም ለየድንኳኑ አንድ ማዳበሪያ ያድል። በፌስታል ፈንታ ዘንቢልና አገልግል ያዙ፤ ቆሎውና ዳቦው በጨርቅ ይቋጠር። በምንጩ ራስ ላይ አትስፈሩ፤ ሳሙናም አትጠቀሙበት። ለመጸዳጃ ገዳሙ ከለየው ቦታ አትውጡ። ከገዳሙ ደን ደረቅ እንጨት እንኳ አትልቀሙ። የመነሻው ዕለት ማለዳ፣ ጓዝ ከመጫኑ በፊት፣ ሽማግሌውም ሕፃኑም ጎን ለጎን ቆሞ ሜዳውን አንድ ጊዜ ይለፈው። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ለጥቂት አርድእት የብዙ ቀን ሥራ የሆነው ለሁላችሁ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የሰበሰባችሁትን በመጣችሁበት መኪና መልሳችሁ ውሰዱት፤ በዚህ ተራራ ላይ የሚያነሣ የማዘጋጃ ቤት መኪና የለምና።

በደማምና በኾባር ያላችሁ ልጆቻችን ይህ ጽሑፍ በቤተ ሰብ እጅ ከደረሳችሁ፣ እናንተ በዚያ በረሃ የሰው ጥራጊ ስትለቅሙ የቆያችሁ ናችሁና ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ለመሳለም ስትመጡ ለሌላው አስተምሩ። አንድ ሰፈር ንጹሕ ነው የሚባለው ሌላ ሰው ከኋላ መጥቶ ስላጸዳው ሳይሆን፣ ከኋላ የሚመጣው የሚያነሣው ነገር ሲያጣ ነው።

ይቆየን።