ቀዩን አይታችኋል?

ቡናው እስኪፈላ ስለ አንድ ነገር እናውጋ፦ ጠዋት አልነሳ ስላለ ሞተር ሳይክል። ሞተር የነዳ ሰው ሁሉ ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ሥራ ረፍዷል፣ ሄልሜቱ ተደፍቷል፣ ቁልፉ ዞሯል፤ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች። ጎረቤት ከደጁ ሆኖ ያያል። ሱቅ የተላኩ ልጆች መንገዳቸውን ትተው ይቆማሉ። አንዱ «ነዳጅ አልቆ ይሆናል» ይላል፤ ሌላው «የለም፣ ባትሪው ነው» ይላል። ባለቤቱም ካንዴላ ሊፈታ መፍቻ ፍለጋ ይገባል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እንዲህ ያለው ሞተር ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለውም፤ የተረሳ ነገር ነው ያለው። የተረሳውን እንዳናይ የሚከለክለን ደግሞ እፍረት ነው። ሰው ቆሞ እያየን «ማብሪያው ጠፍቶ ይሆን?» ብለን መፈተሽ ያሳንሰናል ብለን እንፈራለን። ካርቡራተር መፍታት ግን አዋቂ ያስመስላል። ስለዚህ ከከባዱ እንጀምራለን፤ ደኅናውን ፈታትተን ሌላ ጣጣ እናመጣለን፤ ቀላሉን የምናስታውሰው እጃችን ዘይት በዘይት ከሆነ በኋላ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ጠዋት ያየሁትን ልንገራችሁ። ብርዱ እንደ ልማዱ ጆሮ ይቆርጣል። አንድ ወጣት ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሞተሩን ቁልቁል እየገፋ ይሮጣል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ ሞተሩ ይንገጫገጭና ዝም ይላል። መልሰው ሽቅብ ይገፉታል፤ እንደገና ቁልቁል። ትንፋሽ ሲያጥራቸው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ተነስተው መጡ። አውራ ጣታቸውን ቀኝ እጀታው ላይ ወዳለችው ቀይ ማብሪያ ሰደድ አድርገው ገፋ አደረጓት። «በል ልጄ፣ አሁን ሞክረው» አሉት። ቢረግጠው በአንዴ ተነሳ። ጓደኞቹ ሊስቁ ሲሉ አዛውንቱ ቀደም ብለው «ይቺ ያልሸወደችው ሞተረኛ የለም» አሉና ወደ ጎማቸው ተመለሱ። ወጣቱም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ያቺ ቀይ ማብሪያ ያለ ምክንያት አልተቀመጠችም። ሞተር ሲወድቅ ወይም ነዳጅ መስጫው አልመለስ ሲል፣ እጅን ከመሪው ሳያነሱ በአውራ ጣት ለማጥፋት የተሠራች ናት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ሥራ ላይ የዋለው የፌዴራል ደንብ ቦታዋ ቀኝ እጀታ ላይ እንዲሆን ደንግጓል። ለአውራ ጣት መቅረቧ ጥሩ ነው፤ ግን ለጃኬት እጅጌና ለሕፃን ጣትም እንዲሁ ቅርብ ናት። በአንዳንዱ ሞተር እሷ ስትጠፋ ሞተሪኖውም ዝም ይላል። በሌላው ሞተሪኖው ይዞራል፤ የሚጠፋው የካንዴላው እሳት ብቻ ነው። ባለቤቱ በጣም የሚታለለው በዚህኛው ነው። ሞተሪኖው ሲዞር ስለሚሰማ «መብራቱ ደኅና ነው፣ ችግሩ ከነዳጅ ነው» ይልና ባትሪው እስኪደክም ይጫነዋል። ማታ በቀይዋ አጥፍቶ ቁልፉን ሳይመልስ የገባ ሰው ደግሞ ጠዋት የሚጠብቀው ድርብ ነው፦ የጠፋች ማብሪያና የወረደ ባትሪ።

የጎን ማቆሚያውም የራሱ ነገር አለው። ማቆሚያው እንደወረደ መንዳት አደገኛ ነው፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ መሬት ይነካና ሰውን ከነሞተሩ ይጥላል። ስለዚህ በብዙ አዳዲስ ሞተሮች ማቆሚያው ሥር ትንሽ ስዊች አለች፤ ማቆሚያው ሳይነሳ ማርሽ ከገባ ሞተሩን ታጠፋለች። ፎሌ ላይ ሳለ ደኅና ይነሳል፤ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ቀጥ። እንደገና ይነሳል፤ እንደገና ቀጥ። ይህን ያላወቀ ሰው «ካምቢዮው ሄደ» ብሎ መካኒክ ይጠራል። አንዳንዱ ሞተር ደግሞ ፎሌ ላይም ቢሆን ፍሪሲዮኑ ካልተጨበጠ አይነሳም። የሰው ሞተር የተዋሰ ሰው ይህችን አስቀድሞ ባለቤቱን ቢጠይቅ ብዙ ላብ ይተርፈዋል።

የነዳጁ ጉዳይ ሰፋ ይላል። ካርቡራተር ያላቸው አብዛኞቹ ሞተሮች ከታንከሩ ሥር ዝግ፣ ክፍትና ሪዘርቭ የሚባሉ ሦስት ቦታዎች ያሏት መክፈቻ አላቸው። መክፈቻዋ ዝግ እንደሆነች ብትረሳም ሞተሩ ሊነሳ ይችላል። ካርቡራተሩ ውስጥ የተጠራቀመችው ጥቂት ቤንዚን ከሰፈር ታወጣችሁና ዋናው መንገድ ላይ ትከዳችኋለች። ሪዘርቭ ሌላ ታንከር የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። ታንከሩ አንድ ነው። መክፈቻዋ ላይ ወደ ታንከሩ ውስጥ የቆሙ ሁለት የመቅጃ አፎች አሉ፤ አንዱ ከፍ ያለ፣ አንዱ ዝቅ ያለ። «ክፍት» ላይ ስትሆን ቤንዚኑ ከፍ ባለው አፍ ይቀዳል። ነዳጁ ከዚያ ዝቅ ሲል ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። መክፈቻዋን ወደ ሪዘርቭ ስታዞሯት ዝቅ ያለው አፍ ከታች የቀረውን ይቀዳል። እንግዲህ ታንከሩ ከተሞላ በኋላ መክፈቻዋን ወደ ቦታዋ ያልመለሰ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ማስጠንቀቂያ የለውም፤ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ነድቶ ይቆማል። ቤንዚን በወረፋ በሚገኝበት ከተማ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ያስቀራል።

ቾክን ደግሞ ደገኛው ሞተረኛ በደንብ ቢያውቃት ይጠቀማል። ቾክ ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ትቀንስና የቤንዚኑን ድርሻ ከፍ ታደርጋለች፤ የቀዘቀዘ ሞተር የሚሻው ይህንን ነው። ነገር ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከመጀመሪያውም ስስ ነው። ብርዱ ቾክ ይጠይቃል፤ ከፍታው ደግሞ ቾኳ ከተረሳች ቶሎ ካንዴላ ያርሳል። ተጣድፎ ደጋግሞ መርገጥ ነገሩን ያብሳል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተታችሁ ቾኳን መልሱ፤ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ጥቂት ርገጡ፤ አየር ገብቶ ያናፍሰዋል። እንቢ ካለ ካንዴላውን አውጥቶ ማድረቅ የሚመጣው ያኔ ነው።

አንዲት ደግሞ ከቁልፍ ጋር የተያያዘች አለች። በብዙ የጃፓን ሞተሮች መሪው ከሚቆለፍበት ቦታ ቁልፉን ትንሽ ብታሳልፉት የኋላ መብራት በርቶ የሚያድርበት ሌላ ቦታ አለ። ማታ መንገድ ዳር ለሚቆም ሞተር የታሰበ ነው። መሪ የቆለፈ የመሰለው ሰው መብራቱን አብርቶ ይተኛል፤ ሲነጋ ባትሪ የለም። ያኔ ገፍቶ ማስነሳት ግድ ከሆነ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይሁን፤ በአንደኛ የኋላ ጎማው ቶሎ ይያዛል።

ይህን ሁሉ በጭንቅላት መሸከም አያስፈልግም፤ ቅደም ተከተል ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ደኅንነት ድርጅት ለጀማሪዎች የሚያስተምረው ይህንኑ ነው፦ ነዳጅ፣ ቁልፍ፣ ፎሌ፣ ቀይ ማብሪያ፣ ከዚያ ቾክና ፍሪሲዮን። እኛ የጎን ማቆሚያውን እንጨምርበት። እጃችሁ በዚህ ተራ ከለመደ ሰው ቢሰበሰብም ባይሰበሰብም አይደናገርም። እዚህ ውስጥ መፍቻ የሚጠይቅ አንድም ነገር የለም፤ ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። መካኒክ የሚጠራው ይህ ሁሉ ታይቶ ሞተሩ አሁንም እንቢ ካለ ነው።

ለተመልካቹም የምለው አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን የሚያስደብቀው ግን ብዙ ጊዜ የእኛ ሳቅ ነው። በቀይ ማብሪያ የተሳቀበት ልጅ ነገ ፍሬኑ ሲላላ ማንንም አይጠይቅም፤ የላላ ፍሬን ደግሞ ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ጎረቤታችሁ ሞተር ሲረግጥ፣ ሲረግጥ ከሰማችሁ ወጣ በሉና «ሁላችንም ላይ ይደርሳል፤ እስቲ ከነዳጁ ጀምረን አብረን እንየው» በሉት።