ውኃው ሥር የቆመው ሰው

በዚህ ገጽ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ገዢና ተገዢ ማውሳት ለምደናል። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ከብዕር ብዙ ስለማትበልጥ የቀለም መርጫ መሣሪያ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ስሟ ኤርብራሽ ይባላል። “ዶክተሩ ፖለቲካው ቢሰለቸው ወደ ቀለም ቅብ ገባ እንዴ?” የምትሉ ብትኖሩ ጥቂት ታገሡኝ፤ መንገዱ ዞሮ ዞሮ ከለመድነው ሰፈር ያደርሰናል።

ዕድሜዬን ቀለም ስቆጥር ኖሬያለሁ። ቀለም መርጨትን የተማርኩት ግን በቅርቡ፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጋራዥ ውስጥ መኪናና ባጃጅ ከሚቀባ ወጣት ነው። የመሣሪያዋ አሠራር ሲገባችሁ ያስደንቃችኋል። ከኮምፕሬሰር የሚመጣው አየር በአንዲት ጠባብ አፍንጫ ዙሪያ በፍጥነት ያልፋል። አየር ሲፈጥን በዚያ ቦታ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የግፊቱም ልዩነት ከጽዋው ያለውን ቀለም ወደ አፍንጫው ጫፍ ይስበዋል፤ የሚያልፈው አየርም በታትኖ ጉም ያደርገዋል። በአፍንጫው ውስጥ እንደ ቡሽ የተሰካች ቀጭን መርፌ አለች። ቃታውን ወደ ታች ሲጫኑት አየር ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሲስቡት መርፌዋ ታፈገፍግና ቀለሙ ይከተላል። የብዙዎቹ መሣሪያዎች አፍንጫ ቀዳዳ ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ስለዚህም ቀለሙ እንደ ወተት እስኪቀጥን ድረስ መበረዝ አለበት።

“ዶክተር፣ አየሩን ያስቀድሙ፤ ሲጨርሱም አየሩን መጨረሻ ይዝጉ” አለኝ መምህሬ። ለጀማሪ ሕጉ ሁሉ በዚህች ዐረፍተ ነገር ተጠቅልሏል። ቀለም ከአየር ከቀደመ ጠብታ ይተፋል። እጅ ወደ ወረቀቱ ቀርቦ ቀለም ሲበዛ የሸረሪት እግር የመሰለ ጅረት በየአቅጣጫው ይሮጣል። እጅ ሲርቅ ደግሞ መስመሩ ሰፍቶ ይደበዝዛል። በአሮጌ ጋዜጣ ላይ መጀመሪያ ነጥብ፣ ቀጥሎ መስመር፣ ከዚያም ከጥቁር ወደ ነጭ ቀስ እያለ የሚሳሳ ጥላ እየሠራሁ ሳምንታት አለፉ። መብራት ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ በጋኑ ያጠራቀመው አየር ለጥቂት ደቂቃ ያሠራንና እሱም ይከዳናል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ ነው። መሣሪያዋ ወረቀቱን አትነካም። የብሩሽ ጭረት፣ የእጅ አሻራ አትተውም። የተሠራው ሥራ ማንም ያልሠራው ይመስላል። እንግዲህ ፖለቲካው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ኤርብራሽ እ.ኤ.አ. በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገባደጃ አሜሪካ ውስጥ ስትወለድ ከዋነኛ ተግባሮቿ አንዱ ፎቶግራፍ ማሳመር ነበር። ፊት ታጠራለች፣ ጠባሳ ትሸፍናለች። ጠባሳን የሚሸፍን መሣሪያ ግን ሰውንም ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ1937 ስታሊን በሞስኮና በቮልጋ ቦይ ዳርቻ ሲራመድ በተነሣው ፎቶግራፍ ከጎኑ የጸጥታ ሹሙ ኒኮላይ ዬዦቭ ይታያል። ዬዦቭ እ.ኤ.አ. በ1940 ተረሸነ። ከዚያ በኋላ በወጣው ፎቶግራፍ እሱ በቆመበት ስፍራ የሚታየው የቦዩ ውኃ ነው። ራሱ ስንቱን ያጠፋ ሰው በተራው ውኃ ሆነ። ይሁን እንጂ ዴቪድ ኪንግ የተባለው እንግሊዛዊ ዋናዎቹን ፎቶግራፎች ሲያሰባስብ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከተደለዙት ጋር ጎን ለጎን አሳተማቸው።

“ይህ የሩስያ ጉድ ነው” ብለን እንዳንጽናና የእኛም መደርደሪያ ባዶ አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የብር ኖቶቻችን ሲለወጡ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ወረደ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሌኒን ሐውልት ተገነደሰ። በየካቲት 2011 ዓ.ም. የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሐውልት በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ቆመ። ለመሆኑ እኛ መንግሥት እንለውጣለን ወይስ ቀለም?

ሙያውን መልመዴን የሰሙ አንዲት ጎረቤቴ አንድ ቀን ፎቶግራፍ በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። አምስት ወጣቶች በጣና ዳርቻ ቆመዋል። መካከለኛው በቀይ ሽብር ጊዜ ተወስዶ ያልተመለሰ ወንድማቸው ነው። በስተግራው የቆመው ጓደኛው ደግሞ እሳቸው እንደሚሉት የጠቆመበት ሰው ነው።

“ልጄ፣ ይሄንን አጥፋልኝ። ወንድሜን ሳየው እሱንም እንዳላይ።”

በሙያው ረገድ የሚከብድ አልነበረም። ፎቶግራፉ በቅጂ ይባዛል፤ የቀረው አካል በስስ ፕላስቲክ ይሸፈናል፤ የሐይቁን ግራጫ የመሰለ ቀለም ተበርዞ በስሱ ይደራረባል። ነገር ግን ያ ወጣት እጁን በወንድማቸው ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ነበር።

“እትዬ፣ እሱን ካጠፋሁት እጁ ያረፈበትን ትከሻ እኔ ከልቤ ፈጥሬ መሣል ሊኖርብኝ ነው” አልኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያም “የእሱን ትከሻማ እንዳትነካው” ብለው ፎቶግራፋቸውን ጠቀለሉ። በቅጂው ሰማይ ላይ የነበሩትን ጭረቶች ብቻ ሸፍኜ ሰጠኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ያ ትከሻ ከአእምሮዬ አልወጣም። በዳይን ከታሪክ ስንፍቅ የተበዳይንም ሥጋ አብረን እንፍቃለን፤ የፋቅነውንም በፈጠራ መሙላት ግድ ይሆንብናል። በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲላቸው፣ ከዐቃቤ ሕግ ማስረጃዎች መካከል ደርግ ራሱ ፈርሞ ያስቀመጣቸው ሰነዶች ነበሩበት። ሰነዶቹ ባይተርፉ ኖሮ ለሟቾቹ ማን ይመሰክርላቸው ነበር?

ከዚሁ ከጣና፣ ከደቅ ደሴት፣ የተሻለ ምሳሌ አለ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የልጅ ልጃቸው ዐፄ ኢዮአስ በ1761 ዓ.ም. በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን ተገደሉ፤ የእቴጌይቱም ሥልጣን አከተመ። ሥዕላቸው ግን እስከ ዛሬ በቦታው አለ።

ዛሬ ኮምፕሬሰርም መርፌም ሳያስፈልግ ማንም ሰው በስልኩ ላይ በጣቱ ነክቶ ሌላውን ከፎቶግራፍ ያወጣል፤ ባዶውንም ስፍራ ማሽኑ ራሱ ይሞላዋል። እያንዳንዳችን የየራሳችን ደላዥ ሆነናል። የብሔር ታሪካችንንም፣ የፓርቲ ታሪካችንንም፣ የቤተሰብ አልበማችንንም ለየዕለቱ ቁጣችን እንዲስማማ አድርገን ማጽዳት ቀሏል።

በኤርብራሽ በተደለዘ ፎቶግራፍ ላይ ግን ሰውየው አልሄደም። ከስስ የቀለም ንብርብር ሥር እንደቆመ ነው። ልጆቻችን አንድ ቀን በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት ያገኙታል፤ ያን ጊዜ የሚጠይቁት “ይህ ማን ነበር?” ብለው ብቻ አይሆንም። “የሸፈነውስ ማን ነው?” ይላሉ።