ሳይታመሙ መመርመር

ከቶኪዮ


በጃፓን ሠራተኛ በየዓመቱ ሐኪም ፊት የሚቀርበው ሳይታመም ነው። ይህ ዓመታዊ የጤና ምርመራ «ኬንኮ ሺንዳን»፣ በአጭሩ «ኬንሺን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የሥራ ደኅንነትና ጤና ሕግ አሠሪዎች ቋሚ ሠራተኞቻቸውን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያስመረምሩ ያስገድዳል፤ ለውጭ አገር ሠራተኛም ሕጉ ያው ነው። በሕመም ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከወጪው 70 በመቶ የሚሸፍነው የጤና መድኅን ለኬንሺን አይከፍልም፤ ምርመራው ሕክምና ተብሎ አይቆጠርምና ወጪው የአሠሪው ነው።

ከዚህ ሰፋ ያለው ምርመራ «ኒንገን ዶክ» ይባላል፤ የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1954 በቶኪዮ ነው። ስሙ ከመርከብ የተወሰደ ነው፦ መርከብ ከረጅም ጉዞ ሲመለስ ከባሕር ወጥቶ እንደሚፈተሽ፣ ሰውም ሳይሰበር ይፈተሻል ለማለት ነው።

ዝግጅቱ ከቤት ይጀምራል። በፖስታ የሚደርሰው ቅጽ ያለፈ ሕመምን፣ የቤተሰብ በሽታን፣ ሲጋራንና መጠጥን ይጠይቃል። የትውልድ ዓመት ብዙ ጊዜ የሚሞላው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ ለኢትዮጵያዊ ስሌቱ ድርብ ነው፦ በሚያዝያ 1982 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያኑ 1990፣ በጃፓኑ ደግሞ ሄይሴ 2 (የሄይሴ ዘመን ሁለተኛ ዓመት) ብሎ ይጽፋል። የሰገራ ናሙና በሁለት የተለያዩ ቀናት በትንንሽ ዕቃ ተወስዶ ይያዛል። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህል አይቀመስም፤ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ምን ማድረግ እንዳለበት አስቀድሞ ይጠይቃል።

ጠዋት ተመርማሪው ልብሱን ቀይሮ፣ ቁጥሩን ይዞ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። ቁመት፣ ክብደት፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራ፣ የደም ግፊት፣ ሽንት፣ ደም፣ የደረት ራጅና የልብ ኢሲጂ ተራ በተራ ይከናወናሉ። ወገብም ይለካል፤ ለወንድ 85፣ ለሴት 90 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋት እንዳለ ማስጠንቀቂያ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የጨጓራ ራጅ ነው። የጨጓራ ካንሰር በጃፓን በብዛት ስለሚታይ ምርመራው ተስፋፍቷል። ተመርማሪው ጨጓራን በአየር የሚነፋ ዱቄት ይውጣል፤ ከዚያም ባሪየም የተባለ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ ይጠጣል። አልጋው ወዲያና ወዲህ ሲያዘነብል እሱ ይገላበጣል፤ አየሩ እንዳይወጣ ማግሣት የለበትም። በመጨረሻ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ባሪየሙ አንጀት ውስጥ እንዳይደርቅ ብዙ ውኃ መጠጣት አለበት። በዚህ ፋንታ ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በቱቦ ካሜራ ማየት) መምረጥም ይቻላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከራጁ በፊት ማሳወቅ ይገባታል።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ በጽሑፍ ይደርሳል። በኒንገን ዶክ «ኤ» ጤናማ፣ «ቢ» ቀላል ለውጥ፣ «ሲ» ክትትል የሚሻ፣ «ዲ» ተጨማሪ ምርመራ ወይም ሕክምና የሚያስፈልገው ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል፦ ብዙ ጤነኛ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሯቸው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ ይልባቸዋል። ወረቀቱ ላይ ምልክት ቢደረግበት፣ የቆየ የደም ውጤት ለሐኪሙ ማሳየት ይረዳል።

ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ የዘንድሮውን ቁጥር ከቀደሙት ዓመታት ጎን ያሰፍራል። ስኳር ወይም ግፊት ገና ከወሰኑ ሳያልፍ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት መውጣቱ የሚታየው እዚያ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ አይጣልም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል።