ውኃው ከየት ገባ?

በክረምት ሌሊት መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ ዝናብ ጣሪያውን ሲደበድበው አዳምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በእናንተና በዶፉ መካከል ያለው ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ላሜራ መሆኑ ትዝ አይላችሁም። ለእኔም ትዝ ብሎኝ አያውቅም ነበር። የጂኦግራፊ መምህር እንደ መሆኔ፣ ደመና ከየት ተነሥቶ የትኛውን ተራራ ሲነካ ዝናብ እንደሚሆን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልኩ ለብዙ ዓመታት ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚያው ዝናብ ጥቂት ሊትር በገዛ መኪናዬ ውስጥ በየት በኩል እንደሚገባ ግን አንድ ወር ያህል ማወቅ ተስኖኝ ነበር።

መኪናዬ የኋላ በራቸው ከነመስተዋቱ ወደ ላይ ከሚከፈተው፣ በተለምዶ ሀችባክ ከሚባሉት ትንንሽ አውቶሞቢሎች አንዷ ናት። ፈረንሳዮች በ1961 እ.ኤ.አ. ሬኖ 4ን፣ ጀርመኖችም በ1974 እ.ኤ.አ. ጎልፍን ካወጡ ወዲህ ይህ ቅርጽ በየአገሩ ተለምዷል። የእኔዋን ሠሪ ስም ግን አልጠራም፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለችን መኪና በእርጅናዋ ማማት ነውር ይመስለኛልና።

በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ የዓመቱ መጨረሻ ፈተና በተሰጠበት ዕለት፣ የአንድ ክፍል የመልስ ወረቀቶች በካርቶን አድርጌ ከመኪናዋ ኋላ ጫንኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሲመሽ ዝናብ ስለ ጀመረ ካርቶኑን ሳላወርድ አደርኩ። ጠዋት የኋላውን በር ከፍቼ ካርቶኑን ሳነሣው ሥሩ ተቀድዶ ቀረ። ከሃምሳ ስምንቱ ወረቀቶች አሥራ ሰባቱ ውኃ ጠጥተው አብጠዋል፤ ቀለሙ ከመስመር ወደ መስመር ፈስሶ ሰማያዊ ደመና ሆኗል። አንዱን ለይቼ ልገልጠው ብሞክር እንደ ራሰ እንጀራ ተቦጨቀ።

በግቢያችን መኪና እያጠበ ማታ ማታ ዘጠነኛ ክፍል የሚማር አንድ ልጅ ነበር። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ያጠባት፣ የኋላውን በር ከፍቶ፣ ካርቶኑን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ወለሏን የጠረጋት እርሱ ነው።

«አንተ ልጅ፣ በሩን ሳትዘጋ ነው የሄድከው» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ ዘግቼዋለሁ! ከዘጋሁት በኋላም በእጄ ገፋ አድርጌ አይቼዋለሁ» ሲል መለሰልኝ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው ተረት በዚያች ጠዋት ከዕውቀት ሁሉ የበለጠ ሆኖ ታየኝ። የሳምንቱን የእጥበት ገንዘብ ከለከልኩት። ልጁ ምንም ሳይናገር ባልዲውን አንሥቶ ሄደ፤ ከዚያም በኋላ የጎረቤቶቼን መኪናዎች ተራ በተራ ሲያጥብ የእኔን እየዘለለ ያልፍ ጀመር።

አሥራ ሰባቱን ተማሪዎች ጠርቼ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና ሌላ ፈተና አዘጋጅቼ ፈተንኳቸው። አንዲት ልጅ «የመጀመሪያውን በደንብ ሠርቼው ነበር» ብላ አለቀሰች። በሁለተኛው ከመቶ 61 አገኘች። በመጀመሪያው ምን አግኝታ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ እርሷም እኔም አናውቅም።

ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ብርቱ ዝናብ ጣለ። በዚያ ምሽት በሩን የዘጋሁት፣ የቆለፍኩትም እኔው ራሴ ነበርኩ። ጠዋት ሞኬቱን በእጄ ብጫነው ውኃ በጣቶቼ መካከል ወጣ። የተሰማኝን እፍረት ለመሸሽ ይመስለኛል፣ ወዲያውኑ መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ዞራትና «የበሩ ጎማ ነው» ብሎ ዙሪያውን በሲሊኮን ለቀለቀው። ከፍዬ ወጣሁ። ዝናቡ መጣ፤ ውኃውም መጣ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። እኔና ያ ሠራተኛ የተሳሳትነው አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። ሁለታችንም ውኃው ከታየበት ቦታ አጠገብ ያገኘነውን ከሰስን፤ እርሱ ጎማውን፣ እኔ ልጁን።

እስቲ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። የአንዲት ትንሽ መኪና ጣሪያ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው ብንል፣ ሃያ ሚሊሜትር የዘነበ እንደ ሆነ በላዩ ላይ አርባ ሊትር ይወርዳል፤ ሁለት ጀሪካን መሆኑ ነው። መኪና የምትሠራው ይህን ሁሉ ውኃ ፈጽሞ እንዳይገባ ለማድረግ አይደለም፤ መንገድ ለማስያዝ ነው። ለምሳሌ በጎን መስተዋቱ ላይ የሚወርደው ውኃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የታወቀ ነገር ነው፤ የሚወጣውም በበሩ ግርጌ ባሉት ትንንሽ ቀዳዶች ነው፤ ወደ መቀመጫው እንዳያልፍ የሚያግደው ከውስጠኛው ሽፋን ኋላ የተለጠፈ ላስቲክ ነው። ከፊት መስተዋቱ ሥርም አሸንዳ አለ። እንግዲህ መኪና ውስጥ ውኃ ገባ ማለት አንድም የሚያግደው ነገር ተቀድዷል፣ አንድም የሚወጣበት ቀዳዳ ተደፍኗል ማለት ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የበለጠ ከፍታ ስላላት በበጋ ፀሐይዋ የሚወርደው የአልትራቫዮሌት ጨረር ብርቱ ነው። ጎማውንና የላሜራውን ማሸጊያ ቀስ በቀስ ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋልም። ስንጥቁ የጠበበ በመሆኑ ውኃ የሚያስገባ አይመስልም። ነገር ግን የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ጠባብ ስንጥቅም ውኃን ወደ ውስጥ ይስባል። ከገባም በኋላ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ የላሜራውን እጥፋት ተከትሎ፣ አንዳንድ ጊዜም የኤሌክትሪክ ሽቦ ተደግፎ፣ ከገባበት አንድ ሜትር ያህል ርቆ ይንጠባጠባል።

በሐምሌ አጋማሽ ላይ ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። «ይቅርታ አድርግልኝ፤ በሩን ዘግተኸው እንደ ነበር አሁን አውቄአለሁ» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለኝ፤ ፊቱ ግን አልተፈታም። እኔ ከውስጥ ስመለከት እርሱ ከውጭ የውኃ ጎማ እንዲይዝልኝ ብጠይቀው ጥቂት አሰበና «ጎማውን እርስዎ ይያዙ፤ እኔ ውስጥ ልግባ» አለ። በገዛ ዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ተረዳሁ።

የሥራችን መጀመሪያ ውኃ መርጨት ሳይሆን መኪናዋን ማራቆት ነበር። የኋላውን መቀመጫ አጠፍን፤ ሞኬቱን ገለጥን፤ የጎኑን የፕላስቲክ ሽፋን በካቻቢቴ ፈታን፤ ስኮርታውን አወጣን። ከስኮርታው ጉድጓድ በሲኒ የቀዳነው ውኃ አንድ ጆግ ሞላ። ከዚያም ሁሉን በጨርቅ አደረቅን፤ ባልደረቀ ቦታ ላይ አዲሱን ውኃ ከአሮጌው መለየት አይቻልምና። ከትምህርት ቤት ያመጣሁትን ጠመኔ ፈጭተን በየመገጣጠሚያው ግርጌ በተንነው። ውኃ በነጭ ዱቄት ላይ ሲያልፍ የሄደበትን መንገድ ጽፎ ያልፋል። ልጁ ባትሪ ይዞ ገባ፤ እኔም በሩን ዘጋሁበት።

እናንተም ይህን ሥራ የምትሠሩበት ቀን ቢመጣ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ብትጀምሩ ውኃው ወደ ታች እየወረደ ሁሉን ስለሚያርሰው የትኛው ስንጥቅ እንዳስገባው አታውቁም። ግፊቱም እንደ ዝናብ ለስላሳ ይሁን፤ በኃይል የተወረወረ ውኃ ጤነኛውን ጎማ አልፎ ይገባና ንጹሑን ያስከስሳል። በየቦታው አሥር አሥር ደቂቃ ቆምኩ። በመጀመሪያ የፓራውልቱን መገናኛ አጠጣሁ፤ ከውስጥ «የለም» የሚል ድምፅ መጣ። የኋላ መብራቶቹን ዙሪያ አጠጣሁ፤ «የለም» አለ። ያ ወር ሙሉ የተከሰሰውን የበሩን ጎማ አጠጣሁ።

«የለም ጋሼ፤ ደረቅ ነው።»

እጄ ዛለ፤ ልጁም በውስጥ ሙቀቱ ሳያስቸግረው አልቀረም፤ መስተዋቱ በትንፋሹ ጉም ለብሷል። በመጨረሻ ጣሪያው ከጎኑ ላሜራ ጋር በሚገናኝበት፣ ጥቁር ፕላስቲክ በተደፋበት ቀጭን አሸንዳ ላይ ውኃውን ለቀቅሁት። አራት ደቂቃ ያህል ዝም አለ። ከዚያ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች።

«መጣ! ጋሼ፣ መጣ! ከላይ ነው የሚመጣው!»

በሩን ከፍቼ አንገቴን ሳስገባ በጠመኔው ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ተሥሎ አየሁ። ከበሩ ማጠፊያ አጠገብ ተነሥቶ፣ በኋላው ምሰሶ ውስጥ ወርዶ፣ በጎማው ጉብታ ላይ ተጠማዝዞ፣ ልክ ካርቶኑ ተቀምጦበት ከነበረው ስፍራ ላይ ያበቃል። ለተማሪዎቼ የምሥለውን የወንዝ ካርታ ይመስል ነበር። ልጁ የባትሪውን ብርሃን ከመስመሩ ላይ ሳያነሣ «ዘግቼው ነበር» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም።

ጥቁሩን ፕላስቲክ ብንነቅለው ከሥሩ ያለው የፋብሪካ ማሸጊያ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ በሁለት ቦታም ዝገት ጀምሮ አገኘነው። እዚህ ላይ መቸኮል ያምራችኋል፤ በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ ቀላል ነውና። አታድርጉት። አሮጌው ተፈልፍሎ ካልወጣ አዲሱ የሚጣበቀው በላሜራው ላይ ሳይሆን በፈረሰው ላይ ነው። በሾለ እንጨት ፈለፈልነው፤ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው፤ በአልኮል ጠርገን የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባነው፤ ከደረቀም በኋላ ለላሜራ መገጣጠሚያ የሚሆነውን የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ሞላነው። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት በሚደርቅበት ጊዜ የሚያወጣው አሲድ ላሜራውን ያዝገዋል፤ በላዩ ላይም ቀለም አይዝለትም። በበሩ ዙሪያ የተለቀለቀውን ስንፍቅ ግማሽ ቀን ፈጀብን፤ ለመቀባት ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀም ነበር። ከዚያም በሸራ ከልለን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተውናት።

በዚያው ሰሞን ከፊት፣ በተሳፋሪው እግር ሥር፣ ሌላ እርጥበት አገኘን። ይህኛው አላደከመንም። ከፊት መስተዋቱ ሥር ያለው አሸንዳ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በጃካራንዳ አበባ ተደፍኖ፣ ውኃው መውጫ ቢያጣ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይፈስ ኖሯል። ሁለት እፍኝ ብስባሽ አወጣንና አለቀ። ነገር ግን በዚያ ስፍራ ያገኛችሁት እርጥበት የሚያጣብቅና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ዝናቡን አትክሰሱት፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ከውስጠኛው ማሞቂያ እያፈሰሰ ነው። መርዝ ስለ ሆነም ለማረጋገጥ ብላችሁ አትቅመሱት።

ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥቴን የፈተነው ማድረቁ ነበር። ሞኬት ከላይ ሲዳሰስ ደረቅ ሆኖ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ለሳምንታት ውኃ ይይዛል፤ ወለሉ ከውስጥ ይዝጋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች መገናኛም አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ያበቅላል። በሐምሌ ፀሐይ በጨረፍታ ስትወጣ እያወጣን፣ ደመና ሲመጣ እየከተትን፣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን።

የከለከልኩትን የሳምንት ገንዘብ ስሰጠው ልጁ ቆጥሮ ተቀበለኝ። ሌላ ጨምሬ ስዘረጋለት «ይህስ ምንድን ነው?» አለ። «የሰሞኑ ሥራህ ዋጋ ነው» አልኩት። እርሱንም ቆጥሮ ተቀበለ።

በነሐሴ አንድ ሌሊት በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲወርድ አደረ። ከኋላ ወለሉ ላይ ጋዜጣ ዘርግቼበት ነበር። ጠዋት ስወጣ ልጁ ቀድሞኝ ደርሶ፣ ግንባሩን በመስተዋቱ ላይ ደግፎ ወደ ውስጥ ይመለከታል።

«ይክፈቱት» አለኝ።

ከፈትኩት። እጁን ከጋዜጣው ሥር አስገብቶ ሞኬቱን ከዳር እስከ ዳር ዳበሰው፤ መዳፉንም ገልብጦ አሳየኝ። ከዚያም በሩን እርሱ ራሱ ዘጋውና በእጁ ገፋ አድርጎ አየው።