አዲስ ስለት ለአሮጌ ሰንጢ

ሰንጢ የማያውቅ ሰው የለም፤ ሰንጢ የሚሠራውን ሰው ማወቅ የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው። ይህን የምለው ነገር ለማጣፈጥ አይደለም። ያደግኩት ላስታ ውስጥ፣ ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። በዚያ አገር እረኛውም፣ ቄሱም፣ ገበሬውም ሰንጢ ከእጁ አይጠፋም። ጠፍር ይቆርጥበታል፣ በትር ይልግበታል፣ በግ ይገፍበታል፣ እሾህ ያወጣበታል። ታዲያ ስለቱ ሲያልቅስ ምን ይደረጋል?

የአባቴ ሰንጢ ከጀርባዋ የምትቆለፍ ዓይነት ነበረች። ይህ ዓይነት ሰንጢ በዓለም ገበያ በሰፊው የታወቀው ባክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 «110» የሚባለውን ካወጣ ወዲህ ነው። የአባቴ ግን ስም ያልተጻፈባት፣ ደሴ ገበያ የተገዛች ነበረች። አሠራሯ ቀላል ይመስላል። በእጀታው ጀርባ አንዲት የብረት ዘንግ ተኝታለች፤ ወገቧ ላይ በምስማር ተይዛ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ትላለች። ከፊቷ ጥርስ አላት፤ ከኋላዋ ሞላ ይገፋታል። ስለቱ ሲዘረጋ ጥርሷ በስለቱ ግርጌ ካለው ሰርጓዳ ውስጥ ቀጭ ብላ ትገባለች። ከዚያ በኋላ የዘንጓን ጭራ በአውራ ጣት ካልተጫኗት በቀር ስለቱ አይታጠፍም። ጥርሷና ሰርጓዳው በደንብ ካልተገናኙ ግን ሰንጢዋ የያዛትን ሰው ጣት ትበላለች።

ለዓመታት በድንጋይ ሲሳል ሲሳል ስለቱ እንደ ወስፌ ቀጠነ። «ጣላትና ሌላ ግዛ» ያላለ ሰው አልነበረም። አባቴ ግን፣ «እጀታዋ ደህና፣ ሞላዋ ደህና፤ ስለቱ ስላለቀ ሰንጢዋ አለቀች ማለት ነው እንዴ?» አለና ወደ ቀጥቃጩ ይዞኝ ሄደ።

ቀጥቃጩ የሚኖረው ከመንደሩ ፈንጠር ብሎ ነበር። ለምን እንደ ሆነ ለአንባቢ መንገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ «ቡዳ ነው» ይባላል። ማረሻውን የሚያሠራው ገበሬ ከማዕዱ አይቀርብም። ሽበት የወረሰውን ሰው ጎረምሳው ሁሉ «አንተ» ይለዋል። አባቴ ከደጁ ቆሞ፣ «አያ፣ እንደምን አደሩ?» አለ። ሽማግሌው ከሥራቸው ቀና ብለው ጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩን።

ሰንጢዋን ተቀብለው ሦስት ጊዜ ዘረጓት፣ ሦስት ጊዜ አጠፏት፤ ድምጿን ነበር የሚያዳምጡት። «ስለቱስ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ቁልፉ ነው» አሉ።

በመጀመሪያ የምስማሮቹን ራስ በሞረድ በልተው፣ በቀጭን ብረት መትተው አወጧቸው። ከመኪና ባሌስትራ የተቆረጠ ብረት ከሰሉ ውስጥ ከተቱ። ልጃቸው ወናፉን ያናፋል፤ ብረቱ ሲቀላ በጉጠት ይዘው መስፉ ላይ እየቀጠቀጡ አሳሱት። ከዚያ ቀስ ብሎ እየበረደ እንዲለሰልስ አመድ ውስጥ ቀበሩት። ሲበርድ አሮጌውን ስለት አጋድመውበት ዳር ዳሩን በምስማር ጫሩ፤ ቀዳዳውንም ያን ጊዜውኑ በሱት። ብረቱ ከጠነከረ በኋላ መሰርሰሪያ አይበሳውምና።

አሮጌውን ስለት ብቻ ቢቀዱ ኖሮ ሥራው በተበላሸ ነበር። የቁልፏ ጥርስና የስለቱ ሰርጓዳ ለብዙ ዓመት እየተፋጩ አብረው አልቀዋል። ያለቀውን መቅዳት ልልነቱንም አብሮ መቅዳት ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ግርጌውን ትንሽ አትርፈው ተዉት፤ ጥቀርሻ ቀብተው ከቁልፏ ጋር ይገጥሙታል፣ ይፈቱታል፣ ጥቀርሻው የለቀቀበትን ቦታ ብቻ አንድ ሁለት ጊዜ ሞረድ ያስነኩታል፣ እንደገና ይገጥሙታል። ስንት ጊዜ እንደ ሆነ መቁጠር አቃተኝ። አባቴ «በቃ አይደለም?» ቢላቸው፣ «ያወጣሁት ብረት አይመለስም፤ የተውኩትን ግን ነገም ላወጣው እችላለሁ» አሉት።

ልክ ሲመጣ ስለቱን እንደ በሰለ በርበሬ እስኪቀላ አግለው ዘይት ውስጥ ነከሩት። ውኃ በድንገት ስለሚያቀዘቅዘው ቀጭን ስለት ሊሰነጠቅ ይችላል። እንዲህ የጠነከረ ብረት ደግሞ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው። ስለዚህ አሽተው ካበሩት በኋላ ከጀርባው በኩል ደግመው አሞቁት፤ የገለባ መልክ ሲያወጣ ከእሳቱ አነሱት። በእኛ መጽሐፍ ቋንቋ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሆኑ ነው። ሽማግሌው ቴርሞሜትር የላቸውም፤ ዓይን አላቸው። አገር ሁሉ የሚፈራው ያ ዓይን፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ባየሁት ጊዜ፣ የሚመለከተው የገለባን ቀለም ነበር።

በመጨረሻም ከስለቱ ጎን ስስ ወረቀት አስገብተው አዲሱን ምስማር ቀጠቀጡ፤ ወረቀቱ ሲወጣ ስለቱ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ያገኛል። «ጣትዎን ያርቁ» አሉትና የስለቱን ጀርባ ከግንድ ጋር መታ መታ አደረጉት። ቁልፏ ንቅንቅ አላለችም። ቡና ቀረበ፤ አባቴም ጠጣ፣ እኔም ጠጣሁ። በመንገድ ያለፉ ሁለት ሰዎች አይተውን ፊታቸውን አዞሩ።

ማታ አክስቴ፣ «ጸበል ሳይነካው ዳቦ አይቆረስበትም» አለች። አባቴ አልተከራከራትም። ሰንጢዋን ዘርግቶ ቆረሰና፣ «እኔ በልቻለሁ፤ ከታመምኩ ትነግሩኛላችሁ» አለ። አልታመመም። አክስቴ ግን ከዚያም ወዲያ ያችን ሰንጢ አልነካችም። አጼ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው እኮ! አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ከማዕድ መሸሽን ግን በምን አዋጅ ይከለክሉታል?

ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው ያስታውሰዋል። በጽድ ደን ውስጥ ታልፎ ትልቅ ዋሻ ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከዋሻው ሥር ቆሟል። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በኖራ የነጣ ድንጋይ እየተነባበረ የተሠራ ነው፤ አክሱማውያን ያወቁበት ጥበብ ነው። በዛግዌ ዘመን ያሠራው ንጉሥ ስሙ በቦታው ቀርቷል፤ ጥቅምት 19 ቀንም ይታሰባል። መታሰቡ ይገባዋል። ግን ያ ሁሉ እንጨት ያለ መጥረቢያ አልተጠረበም፤ የደነዘዘ መጥረቢያ ደግሞ የሚወሰደው ወደ ቀጥቃጭ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት በላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትም ነገሩ ያው ነው። መላእክት ረድተዋል የሚለውን ትውፊት አልነካም። ሰው የያዘው መሮ ግን ቋጥኝ ላይ ይደነዝዛል፤ አንድ ሰው ወናፍ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሊያሾለው ግድ ነው። የዚያን ሰው ስም ማን ያዘው? የልጅ ልጆቹን ምን ብለን እንጠራቸዋለን?

እኛ ተማሪዎች ብረት ስለ ማጠንከር በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንማራለን፤ አስተማሪያችንንም «እርስዎ» እንላለን። ያንኑ ትምህርት በአመድ፣ በጥቀርሻና በገለባ ቀለም የሚያውቁትን ሰው «አንተ» ስንል ለአንድ ዕውቀት ሁለት መጠሪያ አወጣንለት ማለት ነው። ስለዚህ በሚመጣው ዕረፍት ወደየአገራችሁ የምትሄዱ ጓደኞቼ፣ እቤት ውስጥ ስለቱ ያለቀ ሰንጢ አይጠፋም። እንዳትጥሉት። ይዛችሁት ሂዱ፣ ከደጃቸው ቁሙ፣ «እንደምን ዋሉ» በሉ። ቡና ከቀረበም ጠጡ።