ከጉባኤ ቤት የወጣ ሰው ዕዳ



በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች «ፍራተርኒቲ» የሚባል የተማሪዎች የወንድማማችነት ማኅበር መኖሩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። በግሪክ ፊደል ከሚጠሩት ማኅበራት የመጀመሪያው ፋይ ቤታ ካፓ ሲሆን፣ እርሱም በ1776 እ.ኤ.አ. በቨርጂንያ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተቋቋመ። ከዚያ በኋላ የመጡት ማኅበራት አባሎቻቸው የሚያድሩበት ቤት አበጁ። ጣራው ባፈሰሰ ጊዜ የሚያሳድሱት፣ ዕዳው በበዛ ጊዜ የሚከፍሉለት፣ ከዚያ ወጥተው ዳኛና ሐኪም፣ ነጋዴና መምህር የሆኑት የቀድሞ ልጆቹ ናቸው። በብዙ ስፍራም የቤቱ ባለቤት ራሱ የእነዚሁ የቀድሞ ልጆች ማኅበር ነው። ይህ ነገር በመካከላችን ሲነሣ አንድ ጓደኛዬ «እንዲህ ያለ ልማድ በእኛ አገር የለም» አለ። እኔ በበኩሌ አለ ባይ ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የቅኔ ተማሪ «የት ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የዋሸራ ቤት ነኝ» ወይም «የጎንጅ ቤት ነኝ» ወይም «የዋድላ ቤት ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ዋድላ በወሎ ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ግን በእኛው በጎጃም ናቸው። «ቤት» ያለውም ግድግዳውን አይደለም፤ መምህሩን፣ የመምህሩን መምህር፣ የቅኔውን መንገድና አብረውት የተራቡትን ወንድሞች ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ያበረከቱልን ሐዲስ ዓለማየሁም ወደ ዘመናዊው ትምህርት የተሻገሩት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ከእንዲህ ያሉ ቤቶች ተምረው ነው።

እኔ የሊበን ገጠር ልጅ ነኝ። ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመግባቴ አስቀድሞ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ በቅኔ ቤት አሳልፌአለሁ። የገባሁባት ጎጆ እኔ የሠራኋት አልነበረችም። ቅኔውን ጨርሶ ወደ ዜማ ቤት የሚሄድ አንድ ተማሪ ነው የተወልኝ። የተወልኝም ጎጆዋን ብቻ አይደለም፤ አንድ እንስራ፣ አንድ ያረጀ ለምድ፣ ደግሞም «የዚያኛው መንደር ውሻ ተናካሽ ነውና በላይ በኩል ዙር» የሚል ምክር ጭምር ነው። እኔም ስወጣ ሁሉንም፣ ምክሩንም ሳይቀር፣ ለአዲስ ገቢ አስረክቤአለሁ። ጉባኤ ቃና ስቆጥር ስሕተቴን ያቀናልኝ የነበረው የኔታ ብቻ አልነበሩም፤ አስነጋሪ የሆነው ታላቅ ተማሪም ነበር። ደመወዝ የለውም፤ እርሱም በተራው ከታላቁ በነፃ የተቀበለው ነውና በነፃ ይሰጣል። እንግዲህ በጉባኤ ቤት መልሶ መስጠት የሚጀመረው ከወጡና ከበለጸጉ በኋላ ሳይሆን ገና እዚያው በረኃብ ላይ ሳሉ ነው።

ዳሩ ግን ቤቱን ያቆመው ተማሪው ብቻ አይደለም። አኩፋዳችንን አንግተን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ስንዞር የዳጉሳ እንጀራ ቍራሽ ወይም የበቆሎ ቂጣ የሚሰጠን ገበሬ ነው። በሐምሌ፣ ጎተራው ተሟጥጦ ለልጆቻቸው እንኳ በማይበቃበት ወር፣ «ቆይ የኔ ልጅ» ብለው ከምጣዱ ላይ ቆርሰው የሚሰጡን እናቶች ነበሩ። ስማቸው በየትም መዝገብ አልተጻፈም።

የኔታ ደግሞ በቀድሞ ጊዜ የሚተዳደሩት ለወንበሩ ተብሎ ከቤተ ክርስቲያን በሚሰጥ መሬት ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ በሰልፍ ሄዱ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ጭሰኛው ነፃ ወጣ፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝና ይህ መልካም ሥራ እንደ ሆነ አምናለሁ። ነገር ግን ከዚያ መሬት ይበላ የነበረው የቅኔ መምህር ከእንግዲህ በምን ይኑር? ብለው የጠየቁ ጥቂቶች ናቸው። ሸክሙ ጠቅላላ በገበሬው አኩፋዳ ሙላት ላይ ወደቀ። ዛሬ ደግሞ ገበሬው ራሱ በማዳበሪያ ዋጋ ተጨንቋል።

አምና የቤታችን የቀድሞ ልጆች በአዲስ አበባ ተሰበሰብን። ሠላሳ ያህል ነበርን፤ ቀሳውስት፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ አንድ ነርስ፣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ፣ እኔን የመሰልን ተማሪዎችም። ያሰባሰበን ወሬ የጉባኤ ቤቱ ክዳን ተቀደደ፣ ጎጆዎቹ ፈረሱ፣ የየኔታም ዓይን ደከመ የሚል ነበር። ነጋዴው ወንድማችን ተነሥቶ በብሎኬት የታነጸ፣ ቆርቆሮ የለበሰ አዳራሽ እንሥራ፣ የሰጪዎቹም ስም በበሩ ላይ ይቀረጽ አለ። ብዙዎች አጨበጨቡ። አንድ ቄስ ግን «መልካም፤ በአዳራሹ ውስጥ የሚያስተምረው ማን ነው? የየኔታን ወንበር ሊይዙ የሚችሉ ሁለት ደቀ መዛሙርት ቀርተዋል፤ አንደኛውም ኑሮ ከብዶት ወደ ከተማ ሊሄድ ነው» ሲሉ ጸጥ አልን።

በመጨረሻ ለየኔታ ስልክ ተደወለ። እርሳቸውም «ቆርቆሮው ዝናብ ይከለክላል፤ ይሁን። ነገር ግን ልጆቼ፣ ተማሪው እንዳይበተንብኝ እህል አስቡለት፤ ከእኔ በኋላ ለሚቀመጠውም ቀለብ ቍረጡለት» አሉ። ከዚህ በኋላ ክርክሩ አልረዘመም። በየወሩ እንደየአቅማችን እንድናዋጣ፣ ከተዋጣውም አስቀድሞ የተተኪው መምህር ቀለብ እንዲወጣ፣ ቀጥሎም መከር ገብቶ ዋጋ በሚረክስበት በጥርና በየካቲት በቆሎና ዳጉሳ ተገዝቶ ለክረምት እንዲቀመጥ፣ ጣራው በሦስተኛ ተራ እንዲሠራ ተስማማን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለ ኖረ፣ እህሉ እዚያው ካለው ገበያ ይገዛ ተባለ። ነጋዴው ወንድማችን መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ሆኖም በዚያ ቀን ከሁላችን አብልጦ የሰጠ እርሱ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ተቃውሞ ሰምቻለሁ። አንደኛው፣ እህል ከተላከ ተማሪው መለመን ይተዋል፣ ትሕትናም ይጠፋል የሚል ነው። ትሕትና ከልመና ብቻ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ እኛ ከመንግሥት ገበታ የምንበላ ተማሪዎች ሁላችን ትዕቢተኞች በሆንን ነበር። ዕከክና ተስቦ ያሠቃየው ልጅም ጥሩ መወድስ አይቀኝም።

ሁለተኛው የከበደ ነው፤ ገንዘብ የሰጠ ሰው ቤቱን የራሱ ማድረግ ይቀናዋል የሚል። እውነት ነው። በአሜሪካም ብዙዎቹ ማኅበራት ሰውን በዘርና በሀብት እየመረጡ በራቸውን ዘግተው ነበር፤ ስለዚህ በ1906 እ.ኤ.አ. በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋ የተባለውን የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። የእኛ ጉባኤ ቤት ክብር ግን የእረኛውም የሙት ልጅም መግቢያ መሆኑ ነው። እንዲያውም በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ቅኔ አስተምረዋልና በሩ ለእኅቶቻችንም ከዛሬው ይልቅ ሊሰፋ ይገባዋል። ስለዚህ የምንሰጠው ገንዘብ ማን ይግባ፣ ማን ያስተምር ለማለት መብት ሊሆነን አይችልም። ያ የየኔታና የጉባኤው ፈንታ ነው።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከእናንተ ብዙዎቹ በቅኔ ቤት አላለፋችሁ ይሆናል። ነገር ግን ከአንድ ቤት ሳይወጣ እዚህ የደረሰ የለም። ቤቱ በቡሬ ገጠር ያለ ባለ አራት ክፍል ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል፤ ለፈተና ስታጠኑ ኵራዝ ያበራችላችሁ አክስትም ልትሆን ትችላለች። የበላበትን ወጪት የሚሰብር ሰው በአገራችን ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «ስመረቅና ደመወዝ ስይዝ» ብሎ ማዘግየትም አንድ ዓይነት መስበር ነው። ደመወዝ የሌለው አስነጋሪ ያሳየን ይህንኑ ነው።

በበኩሌ በየወሩ ከኪስ ገንዘቤ ጥቂት አዋጣለሁ፤ መንገዱ በተከፈተ ክረምትም ሄጄ ለጉባኤው ልጆች ሒሳብና የጤና አጠባበቅ ለማስተማር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ተነጋግሬአለሁ። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወገን ያላችሁ በመኝታ ቤቱ ሠሌዳ ላይ ስማችሁን ጻፉልን። ገንዘብ የሌለው ጊዜውን ይስጥ፤ ጊዜም የሌለው ቢያንስ ማን እንዳበላው አይርሳ።